የቤት ውሻና ድመት በጾምና በፍሲካ ሰሞን

ከአንድ አንባቢያችን የደረሰን ደብዳቤ ለዛሬው ጽሑፋችን ምክንያት ሆኖአል። ጸሓፊው በመንግሥት ሥራ ላይ ያሉ፤ አማርኛ መማር ከጀመሩም ገና ሁለት ዓመት ያልሞላቸው ሰው ናቸው። ደብዳቤውን ያለ ማንም እርዳታ በገዛ እጃቸው እንደ ጻፉት ገልጠውልናል። ፍሬ ነገሩም እንደሚከተለው ነው። በትንሣኤ ዕለት ጎረቤቶቻቸው ዶሮ ወጥ ላኩላቸው። ከእርሳቸው የተረፈውንም ከነአጥንቱ ለውሻቸው ሰጡት። ውሻው በሁዳዴ ጾም ወራት ሁሉ ከቤቱ ማእድ የሚተርፈውን እንጀራና ሽሮ ብቻ ሲበላ ሰንብቶ ነበርና ሳሕኑን ልሶ ጨረሰ። በሦስተኛው ቀን ግን መብላት እንቢ አለ፤ ድዱ ነጣ፤ ሽንቱም እንደ ጠላ ጠቈረ። «ውሻዬ ፈሰከ፤ ከዚያም ታመመ፤ ምን አድርጌው ይሆን?» ሲሉ ይጠይቁናል።

ወደ መልሱ ከመግባታችን በፊት ስለ አንዲት ቃል ጥቂት እንበል። ሰው ጾሙን ፈትቶ ሥጋ፣ ወተትና ቅቤ መብላት ሲጀምር ፈሰከ ይባላል፤ ምግቡም የፍስክ ምግብ ይባላል። ቃሉ ለሰው እንጂ ለውሻ ሲነገር ሰምተን ስለማናውቅ በመጀመሪያ ልናርመው ብዕራችንን አንሥተን ነበር። ነገር ግን ነገሩን ስናስበው ውሻው 55 ቀን ሙሉ ሳይወድ በግድ ከጌታው ቤት ጋራ ጾሞአል፤ በትንሣኤም ዕለት ከሰዎቹ ጋራ ፈስኮአል። ስለዚህ ቃሉን እንዳለ ትተነዋል። እንዲያውም የብዙ ቤቶችን ውሻና ድመት ኑሮ ከዚህ ቃል የበለጠ የሚገልጠው ያለ አይመስለንም።

ውሻውን ያሳመመው ሥጋው አልነበረም፤ ሽንኩርቱ ነው። ቀይ ሽንኩርትም ሆነ ነጭ ሽንኩርት በውሻና በድመት ደም ውስጥ ያሉትን ቀይ የደም ሕዋሳት ያፈርሳል። ሕዋሳቱ ሲፈርሱ ድድ ይነጣል፤ ሽንት ይጠቍራል ወይም ይቀላል፤ እንስሳው ይዝላል፤ ትንፋሹም ይፈጥናል። ምልክቱ በዚያው ቀን አይታይም። ብዙውን ጊዜ ሁለት ሦስት ቀን አልፎ የሚመጣ በመሆኑ የቤቱ ሰው ከበዓሉ ምግብ ጋራ አያገናኘውም። የእንስሳት ሐኪሞች እንደሚሉት በውሻ ላይ ጕዳት የሚያስከትለው ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ ከ15 እስከ 30 ግራም የሚደርስ ሽንኩርት ነው፤ ለድመት ግን 5 ግራም እንኳ ይበቃል። 10 ኪሎ የሚመዝን ውሻ እንግዲህ 150 ግራም ሽንኩርት ማለትም አንድ ወይም ሁለት ራስ ቢበላ ለአደጋ ይጋለጣል ማለት ነው። ለአንድ ዶሮ ከአንድ ኪሎ የማያንስ ሽንኩርት ተከትፎ ሲቁላላ የሚውልበትን ማድቤት የሚያውቅ ሁሉ ሒሳቡን ራሱ ሊያወጣው ይችላል። መቀቀልና መቁላላት የሽንኩርቱን መርዝ አያጠፋውም። ወጡ ውስጥ ቀልጦ ስለማይታይም «ሽንኩርት አልሰጠሁትም» የሚሉ ሰዎች ብዙ ናቸው።

በሽሮውም ውስጥ ሽንኩርት አለ። መጠኑ ከዶሮው ያነሰ ቢሆንም ጥቂት በጥቂት በየቀኑ የሚበላ ሽንኩርት ጕዳቱ እየተጠራቀመ ይሄዳል። የአንባቢያችን ውሻ ለዓመት በዓሉ የደረሰው አስቀድሞ ደሙ ተዳክሞ ሊሆን ይችላል ብለን የምንገምተውም ስለዚህ ነው።

ስለ አጥንቱም እንናገር። ውሻ አጥንት መቈርጠም ተፈጥሮው ነው፤ ይሁን እንጂ የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ደርቆ ስለሚሰነጠቅ ስንጣሪው እንደ መርፌ ጕሮሮንና አንጀትን ይወጋል። ለውሻ አጥንት መስጠት የፈለገ ሰው ትልቅ የበሬ አጥንት ይስጠው፤ አጥንቱም ያልተቀቀለና በአፉ ሙሉ ሊውጠው የማይችለው ይሁን። ውሻው ሲቈረጥምም አጠገቡ ሆኖ መጠበቅ ይገባል።

አሁን ወደ ጾሙ ወራት እንመለስ። በሁዳዴ በብዙ ክርስቲያን ቤት ሥጋ፣ እንቍላልና ወተት አይገባም፤ አያሌ ሥጋ ቤቶችም ይዘጋሉ። ቤተ ሰቡ ሲጾም ከማእዱ ፍርፋሪ የሚኖሩት እንስሳትም አብረው ይጾማሉ። ይህ ከክፋት የመጣ አይደለም፤ ለብቻቸው ምግብ ማዘጋጀት ልማድ ስላልሆነ ነው። ሆኖም ውሻና ድመት በዚህ ነገር እኩል አይደሉም።

ውሻ ከሰው ጋራ ብዙ ሺህ ዓመታት ስለ ኖረ እህልን መፍጨት ችሎአል። ጥራጥሬና እህል ከጥቂት እንቍላል ወይም ሥጋ ጋራ ተደባልቆ ቢሰጠው ጾሙን ደኅና ሆኖ ይወጣዋል። ቀላሉ ዘዴ ይህ ነው፤ ለሽሮ ወይም ለምስር ወጥ የሚሆነው ድስት ሽንኩርቱና በርበሬው ከመግባቱ በፊት ጥቂት ምስር ወይም ባቄላ ለብቻው በውሃ ብቻ ይቀቀል። ከዚያም በፈረሰ እንጀራ ወይም በሩዝ ይለወስና አንድ የተቀቀለ እንቍላል ይጨመርበት። በቤቱ ሥጋና እንቍላል የማይያዝ ከሆነ ለውሻው ብቻ የሚሆን ትንሽ ድስትና ሳሕን መለየት ነው፤ የጿሚው ዕቃ አይነካም። ለአንድ 20 ኪሎ ለሚመዝን ጐልማሳ ውሻ በቀን ግማሽ ኪሎ ያህል የበሰለ ምግብ በሁለት ጊዜ ከፍሎ መስጠት ለመነሻ ይበቃል። ከዚያ በኋላ ሚዛኑ የባለቤቱ እጅ ነው። እጅን በውሻው ጐን ላይ ሲያሳልፉት የጐድን አጥንቱ ሊዳሰስ ይገባል፤ ከሩቅ ሲታይ ግን ሊቈጠር አይገባም። ቡችላ ሆዱ ትንሽ ስለ ሆነ በቀን ሦስት ወይም አራት ጊዜ መብላት አለበት።

የድመት ነገር ግን ሌላ ነው። ድመት ሥጋ በል አውሬ ናት፤ በሽሮና በእንጀራ ልትኖር አትችልም። ታውሪን የሚባል ንጥረ ነገር ለዐይንዋና ለልብዋ የግድ ያስፈልጋታል፤ የሚገኘውም በሥጋና በዓሣ ውስጥ እንጂ በእህል ውስጥ አይደለም። ውሻ ይህን ንጥረ ነገር በገዛ ሰውነቱ ውስጥ መሥራት ሲችል ድመት ግን የሚበቃትን ያህል መሥራት አትችልም። ታውሪን ያጣች ድመት ዐይንዋ ቀስ በቀስ እንደሚጠፋ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1975 ዓ.ም. በጥናት ተገልጦአል፤ ልብዋም እንደሚሰፋና እንደሚደክም በ1987 ዓ.ም. ታውቆአል። ጕዳቱ የሚደርሰው በወራት ብዛት ስለ ሆነ አንድ የሁዳዴ ጾም ብቻውን ድመትን ያሳውራል ማለታችን አይደለም። ነገር ግን ረቡዕና ዓርብ፣ የነቢያት፣ የሐዋርያትና የፍልሰታ ጾም ሁሉ ሲደመሩ ከዓመቱ እኩሌታ የሚበልጥ በመሆኑ፤ በፍስኩም ቀን ቢሆን ለድመት ሥጋ በማይደርስባቸው ቤቶች ነገሩ የሚያሳስብ ነው።

«ድመት እኮ አይጥ ትይዛለች» የሚለን ሰው ይኖራል። እውነት ነው፤ አይጥ የሞላበት ግቢ ያላት ድመት ከእኛ ይልቅ ራስዋን ትመግባለች። ይሁን እንጂ በከተማ በግንብ በታጠረ ቤት የምትኖር ድመት ይህ ዕድል የላትም። አይጡም ቢገኝ ብዙ ጊዜ የአይጥ መርዝ የበላ ነው። ስለዚህ በጾም ጊዜ በየቀኑ ጥቂት የበሰለ ዓሣ ወይም ያለ ጨውና ያለ ሽንኩርት የተቀቀለ ሥጋ ይሰጣት። ከአቅም በላይ ካልሆነ ከሱቅ የሚገዛው የድመት ምግብም ታውሪን ይጨመርበታል፤ ከውጭ ስለሚመጣ ዋጋው ውድ ነው። የውሻው የሱቅ ምግብ ግን ለድመት አይበቃም፤ ርካሽ ነው ብሎ አንዱን ለሁለቱ መስጠት ስሕተት ነው። ወተትም ለጐልማሳ ድመት እንደሚታሰበው አይስማማትም፤ ብዙዎቹን ያስቀምጣቸዋል። ውሃ ትጠጣ። ሁለት ሦስት ቀን ምንም ሳትበላ የቈየች ድመት ካለች ነገ ትበላለች ብሎ መጠበቅ አይገባም፤ ጉበትዋ በስብ ተሞልቶ ልትሞት ትችላለችና ወደ ሐኪም ትወሰድ።

ከሁሉ ይበልጥ ልናስገነዝብ የምንወደው ግን የበዓሉን ዕርድ ነው። በትንሣኤ፣ በእንቍጣጣሽና በመስቀል በየግቢው በግ ይታረዳል፤ በዒድ አል አድሐም እንዲሁ። አራጁ ሆዱን ሲከፍት በጉበቱ ወይም በሳንባው ላይ ውሃ የቋጠረ ነጭ ከረጢት ያገኛል። የለውዝ ፍሬ የሚያህል አለ፤ የብርቱካን ፍሬ የሚያህልም አለ። «ይህ ለሰው አይሆንም» ይልና ቈርጦ ጅራቱን እየቈላ ለሚጠብቀው ውሻ ይወረውረዋል። ለሰው አይሆንም ማለቱ ትክክል ነው፤ ለውሻ መወርወሩ ግን መልሶ ለሰው መስጠት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በከረጢቱ ውስጥ ያለው የአንድ ትንሽ የኮሶ ትል ዘር ነው። ሰው ጥሬ ሥጋ በልቶ የሚይዘው የኮሶ ትል ብዙ ሜትር ይረዝማል፤ ይህኛው ግን ጐልምሶም አንድ ሳንቲሜትር አይሞላም። ውሻ ከረጢቱን ሲበላ ትሎቹ በአንጀቱ ውስጥ በሺህ ተቈጥረው ያድጋሉ፤ ከስድስት ወይም ከሰባት ሳምንት በኋላም እንቍላላቸው ከኵሱ ጋራ ይወጣል። ውሻው ምንም የሕመም ምልክት አያሳይም፤ ይበላል፤ ይጫወታል። እንቍላሉ ግን በጠጕሩ ላይ፣ በግቢው ሣርና በጓሮው አትክልት ላይ ይቀራል። ውሻውን የዳበሰ ሕፃን እጁን ሳይታጠብ እንጀራ ሲጐርስ ይውጠዋል። ከዚያ በኋላ በሕፃኑ ጉበት ወይም ሳንባ ውስጥ በበጉ ላይ ያየነው ዐይነት ከረጢት ቀስ እያለ ያድጋል። አምስት፣ ዐሥር ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ሳይታወቅ ይቈያል፤ ሲታወቅም ብዙ ጊዜ በቀዶ ሕክምና ካልሆነ አይወጣም። ከረጢቱ በሆድ ውስጥ የፈነዳ እንደ ሆነ በድንገት ሊገድል ይችላል። በሰሜን ምዕራብ ኬንያ የሚገኘው የቱርካና አገር ይህ በሽታ በዓለም ላይ እጅግ ከበዛባቸው ቦታዎች አንዱ ሆኖ የታወቀ ነው፤ በደቡብ ኢትዮጵያ በኦሞ ሸለቆ አርብቶ አደሮች ዘንድም ተገኝቶአል።

መከላከያው ዋጋ የሚያስከፍል አይደለም። በዕርድ ቀን ውሻው ይታሰር። ከረጢት ያለበት ጉበትና ሳንባ ውሻ ሊቈፍረው በማይችል ጥልቅ ጕድጓድ ይቀበር ወይም ይቃጠል። ከረጢት ያልታየበትንም ሳንባ ለውሻ መስጠት የሚፈልግ ሰው ቢያንስ ሠላሳ ደቂቃ አፍልቶ ይቀቅለው። እንዲህ የተቀቀለ ሳንባ ርካሽና ጥሩ የውሻ ምግብ ነው። የትል መድኀኒቱም በእንስሳት ሐኪም ዘንድ ይገኛል። ለዚህ ትል የሚሠራው ፕራዚኳንቴል የሚባለው ስለ ሆነ መድኀኒቱን ሲገዙ በስሙ መጠየቅ ይሻላል፤ ለወስፋት ብቻ የሚሆነው ሌላ ነው። ቡችሎች ደግሞ ወስፋትን ገና ከእናታቸው ማሕፀን ሳሉ ስለሚይዙ ከተወለዱ በሁለተኛው ሳምንት የወስፋት መድኀኒት ይጀመርላቸዋል።

የራበው ውሻ ከግቢ ይወጣል። በጾም ወራት በየቈሻሻ መጣያውና በየሥጋ ቤቱ ደጃፍ የሚሰበሰቡትን ውሾች ያየ ሰው ይህን ያውቃል። እዚያም ይናከሳሉ፤ የእብድ ውሻ በሽታም የሚተላለፈው በዚህ መንገድ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በየዓመቱ 59,000 የሚያህሉ ሰዎች በዚህ በሽታ እንደሚሞቱ ይገምታል፤ ከሚነከሱትም ከመቶው 40 የሚሆኑት ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው። ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኀኒት የለም ለማለት ይቻላል። ከምልክቱ በፊት ግን ክትባቱ ያድናል። ሉዊ ፓስተር በአውሮፓ አቈጣጠር በ1885 ዓ.ም. እብድ ውሻ የነከሰውን የዘጠኝ ዓመት ልጅ በክትባት ማትረፉ ይታወቃል።

ስለዚህ ውሻ ሦስት ወር ሲሞላው ይከተብ፤ ክትባቱም በየዓመቱ ይታደስ፤ ድመትም እንዲሁ። ሰው ሲነከስ ቍስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ሙሉ ማጠብ ያስፈልጋል። ሰዓት ይዞ ያጠበ ሰው እንደሚያውቀው 15 ደቂቃ ረጅም ነው፤ ነገር ግን ማሳጠር አይገባም። በርበሬ፣ የቅጠል ጭማቂና ሌላም ነገር በቍስሉ ላይ አይደረግ። ከዚያ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። የነከሰው ውሻ የታወቀ ከሆነ አይገደል፤ ታስሮ ዐሥር ቀን ይጠበቅ። በዚህ ጊዜ ጤነኛ ሆኖ ከቈየ ሲናከስ በምራቁ በሽታው አልነበረም ማለት ነው። ውሻው እስኪታወቅ ብሎ ግን የሰውን ክትባት ማዘግየት አይገባም።

ያልተከተበ ውሻ የሚያደርሰው ጥፋት በሰው ብቻ አያበቃም። በኢትዮጵያ ካልሆነ በሌላ አገር የማይገኘው ቀይ ቀበሮ በጠቅላላው ቍጥሩ ወደ 500 ገደማ ቢሆን ነው። አብዛኛውም በባሌ ተራሮች ይኖራል። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1991፣ በ2003 እና በ2008 ዓ.ም. በዚያ የተነሣው የእብድ ውሻ በሽታ ከእረኞችና ከመንደር ውሾች ተላልፎ ብዙ ቀበሮዎችን ፈጅቶአል። አሁን በዚያ አካባቢ ውሾቹ የሚከተቡት ሰውንም ቀበሮውንም ለመጠበቅ ነው።

መድኀኒትን በሚመለከት አንድ ነገር ሳንናገር ብናልፍ እንወቀሳለን። ራስ ምታት ሲይዘን የምንወስደው ፓራሲታሞል ድመትን ይገድላል፤ አንድ ፍሬ እንኳ ይበቃታል። ኢቡፕሮፌንም ለውሻም ለድመትም አደገኛ ነው። ታመመ ብሎ ከሰው መድኀኒት ቈርሶ መስጠት ርኅራኄ ይመስላል፤ ሆኖም ብዙ እንስሳት የሚጠፉት በዚህ ዐይነት ርኅራኄ ነው። ቸኮላታና ዘቢብም ለውሻ አይሰጡ። የድመት ኵስ የሚወድቅበት አሸዋ በየቀኑ ይጠረግ፤ በቤቱ ነፍሰ ጡር ያለች እንደ ሆነም ይህን ሥራ ሌላ ሰው ይሥራላት፤ ፅንስን የሚጐዳ በሽታ ከዚያ ሊይዛት ይችላልና።

የደብዳቤያችን ጸሓፊ መልሳችንን ሳይጠብቁ ውሻውን ወደ እንስሳት ሐኪም ወስደውት ኖሮ በሦስተኛው ሳምንት ሌላ ደብዳቤ ደርሶናል። ድዱ መቅላት ጀምሮአል፤ ይበላል፤ ከማድቤቱ በር ግን አሁንም አይርቅም። የቤት ሠራተኛቸውም ሽንኩርት የማይገባበት ትንሽ ድስት ለብቻው እንደ ለየችለትና ድስቱን «የጌቶች ድስት» ብላ እንደ ሰየመችው ጽፈውልናል። በዚሁ ደብዳቤ ውሻው እጅግ እንደሚያክክና በጆሮው ውስጥ መዥገር እንዳገኙበት ስለሚነግሩን፤ በሚቀጥለው ሳምንት ስለ መዥገርና ስለ ቍንጫ እንጽፋለን።